የጭላዳ ድምፅ ምን ያስተምረናል?



የእንስሳትን ጠባይ ለማጥናት ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ድምፃቸውን መቅረጽ ነው። ዶልፊን የሚባለው የባሕር እንስሳ ከዓይን ስለሚሰወር፣ ሊቃውንት ማይክሮፎን ወደ ውሃ አስገብተው ፉጨቱን ይቀርጻሉ። ይህን በሰማሁ ጊዜ «ባሕር ለሌለን ለእኛ ምን ይረባናል?» ብዬ ነበር። ዳሩ ግን የዚህ ዓይነት ጥናት ከደባርቅ ሳይርቅ እንደተደረገ ኋላ ተረዳሁ።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በሳንቃ በር አካባቢ፣ በ1998 ዓ.ም. የጭላዳ ዝንጀሮ ጥናት ተጀመረ። አጥኚዎቹ ሰው የለመደውን መንጋ በእግር ተከትለው ድምፁን ይቀርጻሉ፤ ማን ለማን እንደጮኸም ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር ድምፁን በሥዕል ያወጣዋል፤ ርዝመቱም ይለካል።

ከዚህ ምን ተገኘ? ቶር በርግማን የተባሉት አጥኚ በ2005 ዓ.ም. እንደገለጹት፣ ወንዱ ጭላዳ ለሴቶቹ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየገጠመ የሚያሰማው ድምፅ በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም ከሰው ንግግር ምት ጋር ይቀራረባል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የ57 ወንዶች 1,065 ተከታታይ ድምፆች ተመርምረው፣ ድምፆቹ በቁጥር ሲበዙ እያንዳንዳቸው እንደሚያጥሩ ታወቀ። በሰው ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ «ቤት» ስንል «ቤ» ረዘም ይላል፤ «ቤቶቻችን» ስንል ግን ያጥራል።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ወንጭፍ ይዤ ገብስ ስጠብቅ ነው። የጭላዳ ዋና ምግብ ሣር ቢሆንም፣ ገብስ ካገኘ አይምርም፤ ስለዚህ ጩኸቱ ለእኔ የሌባ ጫጫታ ብቻ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ወንጭፌን አስቀምጬ አዳመጥሁ። አንዱ ወንድ ወደ ሴቶቹ ዞሮ በዝግታ ብዙ ድምፅ አከታትሎ አሰማ፤ አንዲቱም መለሰችለት። አባቴ ደርሰው «አንተ ስታዳምጥ እነሱ ጨረሱት!» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያ ገብስ የዓመት እንጀራችን ነበር።

እንግዲህ ማሳችንን መጠበቅ ግዴታችን ነው። ነገር ግን ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ካላወቅነው ማን ይወቀው? ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ማሳ ስንጠብቅ ከወንጭፉ ጋር ደብተርና እርሳስ እንያዝ፤ የሰማነውንም ከነሰዓቱ እንጻፍ። እኔ ጀምሬአለሁ፤ ገብሱንም ከዚያ ወዲህ አላስበላሁም።