የከንቲባው ረዳትና የአንድ ገጽ ማስታወሻ

ትምህርቱን ጨርሶ ከዩኒቨርስቲ የሚወጣ ወጣት ሥራ ሲያስብ ዐይኑ የሚያርፈው በወንበሩ ላይ ነው። ዳኛ ወይም ሥራ አስኪያጅ፥ ቢቻልም ከንቲባ መሆን ይመኛል። ከወንበሩ አጠገብ ሆኖ ወረቀት የሚያዘጋጀውን ሰው ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ከተማ የሚተዳደርበት ደንብ ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት በዚህ ሰው እጅ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ በከንቲባ ጽሕፈት ቤት ስለሚሠራው የሕግና የፖሊሲ ረዳት ጥቂት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ ምሳሌያችንም ሐዋሳ ናት።

ሀ. የከተማይቱ ሥልጣን ከየት ይመጣል?

«ከንቲባ» የሚለው ማዕረግ ጥንታዊ ነው፤ በጎንደር የከተማው ሹም ይጠራበት ነበር። ማዘጋጃ ቤቶች በዘመናዊ ሕግ የተደራጁት ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። በዚያ ዘመን ከንቲባ ከላይ ተሹሞ ይመጣ ነበር። ዛሬ ከንቲባውን የሚሰይመው የከተማው ምክር ቤት ስለ ሆነ፥ ተጠሪነቱ ለዚሁ ምክር ቤት፥ በምክር ቤቱም በኩል ለነዋሪው ሊሆን ይገባል። ረዳቱም የሚያገለግለው አንድን ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለብዙ ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ርእሰ ከተማ ሆና ቆየች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ የራሱን ክልል ለማቋቋም ከወሰነ በኋላ፥ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የሲዳማ ክልል ተመሠረተ፤ ሐዋሳም ዋና ከተማው ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ስሟ ተጠቅሶ ራሷን የማስተዳደር ሥልጣን የተሰጣት ከተማ ናት፤ ቻርተሯም አዋጅ ቁጥር 361/1995 በፌዴራሉ ምክር ቤት የወጣ ነው። ሐዋሳ ግን እንደ ባሕር ዳርና እንደ አዳማ ሥልጣኗን የምታገኘው ክልሉ ከሚያወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ የረዳቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሐሳቡ ጥሩ ነወይ?» የሚለው አይደለም፤ «ይህን ለመወሰን ሥልጣኑ የማን ነው?» የሚለው ነው። የክልሉን ወይም የፌዴራሉን ሥልጣን የሚነካ ደንብ ተጨብጭቦለት ቢጸድቅም፥ የመጀመሪያው ተከራካሪ በቀረበ ዕለት ይፈርሳል።

ለ. ለትምህርት የሚሆን ምሳሌ

በሐዋሳ የኖረ ተማሪ ሁሉ አሞራ ገደልን ያውቃል። ጧት ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመለሳሉ፤ ወጣቶች ዓሣውን ይገፍፋሉ፥ ይበልታሉ፤ ባለምጣዶቹ ይጠብሳሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ደግሞ አንጀቱን ለመልቀም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሐይቁ ጥቁር ውኃን የመሰለ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባው ቆሻሻ ወደ ሌላ አገር አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል።

አሁን እንበልና ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት እንዲህ የሚል ረቂቅ ቀረበ፦ «ከሐይቁ ዳር በሃምሳ ሜትር ርቀት ውስጥ ዓሣ መብለት፥ መጥበስና መሸጥ ክልክል ነው»። ረቂቁ አጭርና ግልጽ ነው፤ የሐይቁን ንጽሕና የሚጠላ ስለሌለም በስብሰባ ላይ ማንም አይቃወመውም። ረዳቱ ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ ችግሩን በዐይኑ ይይ። በማለዳ ሄዶ ይቁም። ቆሻሻው ከመጥበሻዎቹ የሚመጣ ነው ወይስ ከመንገዱ በቦይ የሚወርድ? የቆሻሻ በርሜል አለ? የውኃ ቧንቧስ? በርሜል በሌለበት ቦታ «አትጣሉ» ማለት ሰውን ለቅጣት ማዘጋጀት እንጂ ሐይቁን መጠበቅ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ያለውን ሕግ ይፈልግ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን መበከል ከልክሏል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 ደግሞ የዓሣ ሀብትን ልማትና አጠቃቀም ይመለከታል። ረዳቱ እነዚህን፥ ማሻሻያ ወጥቶ እንደ ሆነም ማሻሻያውን፥ ከክልሉም ሕግ ጋራ አስተያይቶ ያነባል። የተከለከለውን ደግሞ መከልከል ወረቀት ያበዛል እንጂ ሥራ አይሠራም። ከተማው የሚጎድለው ክልከላ ሳይሆን ሰው ሕጉን ሊያከብር የሚችልበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፥ ማን ምን እንደሚያጣ ይቁጠር። ዓሣ የምትጠብሰው ሴት ሃምሳ ሜትር ርቃ ስትቆም ገበያዋ ይከተላታል ወይስ ይቀራል? ዓሣ በልቶ የሚያድረው ልጅ በማግሥቱ ምን ይሠራል? «አንዳንድ ነጋዴዎች ይቸገሩ ይሆናል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ስንት ሰዎች እንደ ሆኑ፥ በቀን ስንት እንደሚያገኙ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ ከአንድ በላይ አማራጭ ያቅርብ። መከልከል አንዱ ነው። በቦታው ማደራጀት ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም በርሜል፥ ውኃ፥ የመጥረጊያ ሰዓትና ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ቅጣት ማለት ነው። እንዳለ መተው ሦስተኛው ሲሆን፥ የመተውም ዋጋ በግልጽ ይጻፍ።

አምስተኛ፥ ሒሳቡን ይሥራ። ለመለማመጃ ያህል 60 ሻጮች በቀን 10 ብር ይክፈሉ እንበል። በቀን 600፥ በወር 18,000 ብር ይሆናል። ለሁለት ጠራጊዎች 10,000፥ ለማጓጓዣ 12,000፥ በጠቅላላው 22,000 ብር ቢያስፈልግ በየወሩ 4,000 ብር ይጎድላል። ይህን ከተማው ይሸፍናል ወይስ ክፍያው ይጨመራል? የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፥ ወጪው አስቀድሞ ካልተያዘ ደንቡ በመስከረም ቢጸድቅ እንኳ ወረቀት ሆኖ ይከርማል።

ሐ. «አፊኒ»

በሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሲመክሩ አንድ የተከበረ ልማድ አላቸው፤ «አፊኒ» ይባላል። ትርጉሙ «ሰምታችኋል?» እንደ ማለት ነው። ጉዳዩ ለሁሉ ሳይሰማና ሁሉም ሳይመክርበት ውሳኔ አይሰጥም፤ የሚፈለገውም «ሀላሌ»፥ ማለት እውነት ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮዤዎች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጹ ከወረቀት ወርዶ አሞራ ገደል የሚደርሰው ረዳቱ ካደረሰው ነው። ረቂቁን በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ጮክ ብሎ ማንበብ፥ ሰው በሥራ በተያዘበት ማለዳ ሳይሆን ገበያው ሲበርድ መጥራት፥ የተናገሩትንም እነሱ በተናገሩበት አነጋገር መመዝገብ የእርሱ ሥራ ነው። በአዳራሽ አበል ተከፍሏቸው ያጨበጨቡትን ቆጥሮ «ሕዝቡ ተወያይቶበታል» ብሎ መጻፍ ግን አፊኒ አይደለም፤ ሐሰት ነው።

መ. የረዳቱ ፈተና

ይህ ሁሉ በመጨረሻ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። ከንቲባ የሃያ ገጽ ጥናት የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ገጹ ሰባት ነገሮችን ይያዝ፦ ጉዳዩን፥ የችግሩን ምክንያት፥ የሥልጣኑን ባለቤት፥ አማራጮቹን፥ ወጪውን፥ የተቃዋሚውን ድምፅ፥ የውሳኔ ሐሳቡን።

ከሰባቱ በቶሎ የሚሰረዘው ስድስተኛው ነው። አለቃው ረቂቁን እንደ ወደደው ሲታወቅ፥ «ይህን መስመር ለምን አታወጣውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ትእዛዝም ላይሆን ይችላል፤ የወዳጅ ምክር መስሎ ይመጣል። ረዳቱ ያን ጊዜ አንድ ነገር ያስታውስ። እርሱ አይወስንም፤ ነገር ግን ወሳኙ የሚያየውን የሚመርጠው እርሱ ነው። የዓሣ ጠባሿን ቃል ከገጹ ላይ ያወጣ እንደ ሆነ ከንቲባው ሊፈርድባት እንኳ አይችልም፤ መኖሯን አያውቅምና።

ከንቲባው ተቃውሞውን አንብቦ በሌላ መንገድ ቢወስን መብቱ ነው፤ ረዳቱም ውሳኔውን በታማኝነት ይፈጽማል። ታማኝነት ማለት ግን አለቃን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ማሰማት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ስሕተቱ በረቂቅ ሳለ የሚታረመው በአንድ መስመር ነው፤ ከጸደቀና ሰው ከተፈናቀለ በኋላ ግን ክስ፥ ካሣና ቂም ይከተለዋል።

እኛ ተማሪዎች ሹማምንትን መንቀፍ እናውቅበታለን፤ መንቀፉም አስፈላጊ ነው። ነገ ግን ከእኛ መካከል አንዳንዱ ከዚያ ወንበር አጠገብ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ዛሬ በስብሰባ ላይ ምን ያህል እንደ ተናገረ አይሆንም፤ በዚያ አንድ ገጽ ላይ ስድስተኛውን መስመር ጽፎ እንደ ሆነ ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምሳሌው የጎደለውን 4,000 ብር ማን ይክፈል? ምክንያታችሁን አስረዱ።
2. በምትኖሩበት ቀበሌ በቅርቡ የወጣ አንድ መመሪያ ፈልጉ። ከመውጣቱ በፊት የማን ሐሳብ እንደ ተጠየቀ፥ የማን እንዳልተጠየቀ ጻፉ።
3. ከንቲባው የተቃዋሚውን ድምፅ እንድታወጡ በግልጽ ቢያዝዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ?