በአርቪ ወደ ሴንት ሄለንስ እሳተ ገሞራ፦ ከመከራየትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

መኝታና ኩሽና ባለው መኪና፣ በአርቪ፣ ቤተሰብ ይዞ ወደ ሴንት ሄለንስ መውጣት ከሲያትል ለሚነሳ ሰው የሚያጓጓ ጉዞ ነው። ተራራው እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1980 ሲፈነዳ 57 ሰዎች ሞተዋል፤ ከቁመቱም 400 ሜትር ያህል ተገምሶ ቀርቷል። ይሁንና አርቪ ሁሉም ጋ አይደርስም። ስለዚህ መኪናውን ከመያዝዎ በፊት መንገዱን ይምረጡ።

1. በየትኛው በኩል ይወጣሉ?
ለአርቪ የሚመቸው የምዕራቡ መንገድ፣ ስቴት ሩት 504 ነው። ከአይ-5 በመውጫ 49፣ ካስል ሮክ ላይ ይታጠፋሉ። በምሥራቅ በኩል ወደ ዊንዲ ሪጅ የሚወስደው ፎረስት ሮድ 99 ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ተጎታች ይዞ መግባት አይመከርም፤ ክረምት ላይም በበረዶ ይዘጋል።

2. መንገዱ እስከ የት ክፍት ነው?
በሜይ 2023 የመሬት መንሸራተት የ504ን የላይኛውን ክፍል ቆርጦ፣ ወደ ጆንስተን ሪጅ መመልከቻ የሚያሻግረውን ድልድይ ወስዶታል። ጥገናው ዓመታት የሚፈጅ በመሆኑ በሚነሱበት ሳምንት የዋሽንግተን ግዛትን የመንገድ መረጃ ይመልከቱ። ላይኛው ዝግ ቢሆንም ተራራው በዚሁ መንገድ ዝቅ ብሎ ካለው ከኮልድዋተር ይታያል።

3. ወጪው ኪራዩ ብቻ ነው?
አይደለም። በውሉ ላይ የማይል ገደብ፣ የጀነሬተር ሰዓት፣ የጽዳትና የፍሳሽ ማስወገጃ ክፍያ መኖሩን ያረጋግጡ። የራስዎ መኪና ኢንሹራንስ ለተከራዩት አርቪ ላይሠራ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ከሲያትል እስከ ኮልድዋተር ደርሶ መልስ 320 ማይል ገደማ ነው፤ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል የሚሄድ አርቪ ከ32 እስከ 40 ጋሎን ይጠጣል። ካስል ሮክ ላይ ሞልተው ይውጡ፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ እንደ ልብ አይገኝም።

4. ማን ይነዳል?
ዋሽንግተን ውስጥ ለአርቪ የተለየ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቁልቁለቱ ግን ልምድ ይፈልጋል። እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሱ ከወረዱ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ይያዘው የሚለው የድሮ ሾፌሮች ምክር እዚህም ይሠራል። ፍሬን ሲይዙም ጠንከር አድርገው ረግጠው ይልቀቁ። በሁለት መስመር መንገድ ላይ ከኋላዎ 5 መኪና ከተሰለፈ፣ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ማሳለፍ ሕግ ነው። በጉዞ ላይ ተጎታች ውስጥ ሰው ማስቀመጥም ክልክል ነው።

5. የት ያድራሉ?
በሲልቨር ሌክ ከጎብኚዎች ማዕከል ማዶ ያለው ሲክዌስት ስቴት ፓርክ ውሃና ኤሌክትሪክ የሚሰካባቸው ቦታዎች አሉት። ለሐምሌና ነሐሴ ቀደም ብለው ይያዙ፤ የመኪናዎ ርዝመት ለቦታው የሚሆን መሆኑንም ያረጋግጡ።

6. ቡናውስ?
አርቪ ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አይለኩሱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ግን ይገድላል። ደጅም ቢሆን በደረቁ ወራት የእሳት ክልከላ ሊኖር ይችላል፤ ክልከላው ብዙ ጊዜ ከሰልንም ይጨምራል። ቡናውን ቤት ቆልተውና ወቅጠው ይምጡ፤ ጀበናውን መስኮት ከፍተው በመኪናው የጋዝ ምድጃ ላይ ይጣዱ።

እንግዲህ ይወስኑ
ልጆች ይዘው ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያድሩ ከሆነ፣ በ504 በኩል አርቪ ያዋጣል። ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ወይም ዊንዲ ሪጅን ለማየት ከሆነ ግን የራስዎ መኪና ይበቃል፤ የኪራዩን ገንዘብ ለነዳጅና ለስንቅ ያውሉት።