ጎርፍ ከደመና ብቻ አይመጣም

ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጣለው ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ 7 ሰዎች ሞተዋል። ምክንያቱ ዝናቡ ብቻ ነውን?

ከተማችን ከእንጦጦ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ ወደ አቃቂ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ስለዚህ ውሃው ይፈጥናል። አፈር ውሃ ይጠጣል፤ አስፋልትና ቆርቆሮ ግን አይጠጡም። እኛም ፉሪ ተራራ ሥር ነን። ቱቦው በፌስታልና በደለል ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ለቆ ቤት ይገባል።

ለክፍል ሥራ፦ ሣር ያለበትን አፈርና ቆርቆሮ ጎን ለጎን አዘንብሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሱ። ወርዶ የሚጠራቀመውን ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ።

ትምህርቱ ሳያልቅ ይህ ይነገራቸው፦ ወንዝ ሲሞላ አይሻገሩም፤ እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ትምህርት ቤት ማርፈድ ይሻላል።