የአካባቢ ምርጫ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፤ ከ2005 እስከ 2015 ዓ.ም.

ይህ ጽሑፍ የአዲስ አበባ አጎራባች የሆኑትን የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታን የአካባቢ ምርጫ ታሪክ ይቃኛል። የከተሞቹ ነዋሪዎች ለአካባቢ ምክር ቤቶቻቸው ድምፅ የሰጡት በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ምርጫ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተሳተፉም። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ቀጣዩ ምርጫ ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ የከተማ ምክር ቤቷን ስትመርጥ፣ የሦስቱ ከተሞች መራጮች ድምፅ የሰጡት ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሲጠቃለሉም የአካባቢ ምርጫ አልቀደመም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የመሬትና የቤት ጉዳይ ነዋሪውን በቅርብ የሚነካው በዚሁ እርከን ነው። ስለዚህ የምርጫው መዘግየት የተጠያቂነትን መንገድ አጥብቧል።