ስለ ሞተር አየር መለኪያና ስለ አለዋወጡ የተጻፈ ትምህርት

የመኪና ሞተር ያለ አየር ሊሠራ አይችልም። ቤንዚን ብቻውን አይነድምና፥ 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ቀርቶ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። በብዙዎቹ የዛሬ መኪናዎች ለዚህ ሚዛን የሚያገለግለው፥ ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ በቱቦው ላይ የተተከለው ሴንሰር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። ካርቡራቶር ያላቸው አሮጌ መኪናዎች ግን ይህ የላቸውም።

በመሣሪያው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክም የገባውን አየር ክብደት ያስታውቃል። የሞተሩ ኮምፒዩተር በዚህ ልክ ቤንዚኑን ይሰፍራል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በ1/5 ያህል የሳሳ ነውና፥ ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ መኪና ይህ መሣሪያ ታላቅ ጥቅም አለው።

ሽቦው አቧራ ወይም ዘይት ሲለብስ ግን ልኩ ይሳሳታል። ያን ጊዜ ሞተሩ በግድ ይነሣል፤ ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ቤንዚንም ከልማዱ ይልቅ ይጨርሳል። ስለዚህ ቤንዚን በዝቶ ያለቀ እንደ ሆነ፥ ሹሙ ሹፌሩን ሰረቀ ብሎ ከመፍረዱ በፊት መኪናውን ያስመርምር። ሳይመረመር የተፈረደበት ሹፌር እንጀራውን ያጣል፤ ጥፋቱ ግን የአቧራ ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ በእውነት ሌባ ቢሆንም ምርመራው ማመካኛ ያሳጣዋል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ፥ ቱቦውም ተሰንጥቆ እንደ ሆነ ይታይ። በመመርመሪያ መሣሪያ ሲታይ ከፒ 0100 እስከ ፒ 0104 ያሉት ቁጥሮች ስለ አየር መለኪያው ይናገራሉ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ችግሩ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል እንጂ ዕቃው መሞቱን አያረጋግጥም። ሽቦው ቆሽሾ ብቻ ከሆነ፥ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማጽጃ ሳይነካ ተረጭቶ በሚገባ ሲደርቅ ሊድን ይችላል።

መለወጥ የግድ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉ ይነቀል፤ የባትሪውም የኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታ።

2ኛ፤ የመሣሪያው ሶኬት መያዣው ተጭኖ ይውጣ እንጂ በሽቦው አይጎተት።

3ኛ፤ በዙሪያው ያለው አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ብሎኖቹ ይፈቱ፤ አሮጌውም ቀጥ ተደርጎ ይውጣ። ቱቦው ክፍት ሳለ ብሎን ወይም ጠጠር እንዳይገባበት ይጠንቀቁ።

4ኛ፤ የአዲሱ ዕቃ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ሽቦው በእጅ አይነካ። የአየሩን መንገድ የሚያሳይ ቀስት ካለበት ወደ ሞተሩ ይመልከት፤ የጎማ ቀለበቱም በስፍራው ይግባ።

5ኛ፤ ብሎኖቹ በልክ ይጥበቁ እንጂ ፕላስቲኩ እስኪሰበር አይሁን። ሶኬቱና ባትሪው ከተመለሱ በኋላ የቀድሞው ቁጥር ከኮምፒዩተሩ ይሰረዝ፤ መኪናውም በሜዳና በዳገት ይፈተን።

አንዳንድ ሰዎች ማጣሪያውን አውጥተው መኪናውን መንዳት ጉልበት የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ይህ ታላቅ ጥፋት ነው፤ የገባው አሸዋ መለኪያውን ከማቆሸሽ አልፎ የሞተሩን ውስጥ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በመኸር ወራት እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ሳይገባ መኪናው ቢቆም ጉዳቱ የባለ ንብረቱ ብቻ ሳይሆን የገበሬው ሁሉ ነው። ስለዚህ በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ እንዲታይ፥ የታየበትና የተለወጠበትም ቀን በመዝገብ እንዲጻፍ ማዘዝ የሹሙ ፈንታ ነው።