የተቃጠለ ፊውዝ በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ነው፦ የሪሲቨር ቦርድን ቤት ውስጥ መጠገን



ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት ቤት ስሄድ ጎረቤታችን የተበላሸ ሪሲቨር አመጡልኝ። "ኢንጂነር የለንም እንዴ!" ብለው ነው። ፊውዙ ተቃጥሏል። በምትኩ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አስሬ ሰካሁት። "ጧ!" አለና ቦርዱ ከሰለ። መሣሪያው በእጄ ያለ አማና ነበርና ከገንዘቡ ይልቅ ሀፍረቱ ከበደኝ። ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ላካፍላችሁ።

አሠራሩ

ከሶኬቱ የሚገባው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል በፊውዝ አልፎ አራት ዳዮዶች ጋ ይደርሳል። እነሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተካክሉትና ትልቁ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጠራቀማል። ከዚያ በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ትራንዚስተር በትራንስፎርመር በኩል ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወርደዋል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ይህ ክፍል ነው።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም። ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። በቴስተር ለኩት፤ ቮልቴጅ ካለው በ2,000 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር፣ ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይዛችሁ አራግፉት፤ ከዚያም ደግማችሁ ለኩ። በጠመንጃ መፍቻ (ካቻቢቴ) ማገናኘት ብልጭታ ይፈጥራል፤ ቦርዱንም ይጎዳል። ማይክሮዌቭና የድሮ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ግን ቤት ውስጥ አትክፈቱ።

ቅደም ተከተሉ

ቂርአት ቤት አሊፍን ሳናውቅ ወደ ቃል አንሻገርም ነበር። እዚህም እንዲሁ ነው።

1. በዓይንና በአፍንጫ መርምሩ። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ቦታ፣ የትራንስፎርመር እግር ዙሪያ የተሰነጠቀ ብየዳ ፈልጉ። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

2. ፊውዙን በቴስተር ፈትሹ። ብርጭቆው ከውስጥ ከጠቆረ ከባድ ሾርት አለ ማለት ነው። አዲስ ፊውዝ አትክተቱ፤ ምክንያቱን ፈልጉ።

3. ዳዮዶቹን ለኩ። በዳዮድ መለኪያው ጤነኛው በአንድ በኩል 0.5 እስከ 0.7 ያሳያል፤ በሌላው በኩል አያስተላልፍም። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካሳየ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ አንድ እግሩን ከቦርዱ አላቃችሁ ድገሙት። ትራንዚስተሩንም ለሾርት ፈትሹ።

4. ስትሞክሩ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ አገናኙ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አልጠፋም። አምፖሉ ስላለ ግን ቦርዱን መንካት ይቻላል ማለት አይደለም፤ መብራት እስካለበት ድረስ እጃችሁን አርቁ።

5. ፊውዙ ደህና ሆኖ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ አልነሳ ካለ፣ በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል ያሉትን ካፓሲተሮች ጠርጥሩ። ስትቀይሩ ማይክሮ ፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ ሙቀት መቋቋሚያው 105 ዲግሪ የሆነ ይሁን። መስመሩ የተሰመረበት ወገን ኔጋቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

ብየዳ

መበየጃውን 350 ዲግሪ ገደማ አድርጉ። ጫፉን እግሩንም ቦርዱንም አንድ ላይ አስነኩ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ አሙቁና ሶልደሩን ወደ መገናኛው አቅርቡ። መስኮት ክፈቱ። ሶልደሩ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መቼ እናቁም?

ቴስተር ከሌላችሁ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ወይም የቦርዱ መስመሮች ከሰል ከሆኑ አቁሙ። የሰው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ላይሠራ እንደሚችል ከመክፈታችሁ በፊት ለባለቤቱ ንገሩ፤ ካበላሻችሁ አትደብቁ።

እኔ ለጎረቤታችን እውነቱን ነግሬ የኃይል ቦርዱን በራሴ ወጪ ተካሁላቸው። በቀጣዩ እረፍት ስመለስ ሌላ ሪሲቨር ይዘው መጡ። አፍሬ ነበር፤ እሳቸው ግን "አንተ የምታበላሸውን የምትናገር ልጅ ነህ" አሉኝ። ያን ቀን ሁለት ካፓሲተር ቀይሬ ሠራ፤ አልሐምዱሊላህ።