ገዳይ ዓሣ ነባሪ በበረዶው ባሕር

ትምህርት 14፦ ቦዝ አንቀጽና የድርጊት ቅደም ተከተል

ሀ. የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ገዳይ ዓሣ ነባሪ በስሙ ዓሣ ነባሪ ይባል እንጂ ከዶልፊን ወገን የሚመደብ አጥቢ እንስሳ ነው። ከዶልፊኖች ሁሉ በግዝፈት የሚስተካከለው የለም፤ ወንዱ እስከ 9 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ምግቡ በየስፍራው ይለያያል። በአንታርክቲካ፣ በሮስ ባሕር የሚኖረው ወገን ዓሣ ሲመገብ፣ በዚያው አህጉር ዙሪያ በተንሳፋፊ በረዶ መካከል የሚኖረው ሌላው ወገን አቆስጣን ያድናል።

አቆስጣ ምግቡን ከባሕር የሚያገኝ፣ ለዕረፍት ግን በረዶ ላይ የሚወጣ አጥቢ እንስሳ ነው። በረዶው መኝታውም ምሽጉም ነው። ይህን ምሽግ ለማፍረስ ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች በኅብረት ይነሣሉ። በመጀመሪያ ራሳቸውን ከውኃው በላይ ብቅ አድርገው በበረዶው ላይ ያረፈውን እንስሳ ይመረምራሉ፤ ከአቆስጣ ዓይነቶች ዌዴል የሚባለውን አብልጠው ይሻሉና። ከዚያም ጥቂት ርቀው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ወደ በረዶው በአንድነት ይገሠግሣሉ። የሚያስነሡት ማዕበል በረዶውን ይሰባብረዋል፤ ወይም አቆስጣውን ጠርጎ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። አንዱ ማዕበል ያልበቃ እንደ ሆነ ተመልሰው ይደግሙታል። አቆስጣው አንዳንድ ጊዜ ያመልጣል፤ ከተያዘ ግን ሥጋውን ይካፈሉታል።

መንጋው በእናት ወገን የተዛመደ ቤተሰብ ነው። ግልገሎቹ ከታላላቆቻቸው ጎን እየዋኙ የአደኑን ስልት ይማራሉ። ይሁን እንጂ በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት አካባቢ የባሕሩ በረዶ እየቀነሰ መጥቷል። በረዶው ሲጠፋ አቆስጣው ማረፊያውን ያጣል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረውም ስልት የሚሠራበት ስፍራ ይጠበዋል።

ለ. ማስታወሻ

በምንባቡ ውስጥ «ርቀው» እና «ተሰልፈው» የሚሉት ቃላት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አይዘጉም፤ «ይገሠግሣሉ» የሚለውን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃሉ። ድርጊቶች በተፈጸሙበት ተራ ሲደረደሩ አንባቢው አደኑን በዓይኑ እንዳየ ያህል ይከታተለዋል፤ ተራው ከተዛባ ግን አሳቡ ይደናገርበታል።

ሐ. መልመጃ

1. በረዶው ለአቆስጣ «መኝታውም ምሽጉም» የተባለው ስለ ምንድን ነው?
2. የበረዶው መቀነስ አዳኙንም ታዳኙንም የሚጎዳው እንዴት ነው? ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።
3. ከሁለተኛው አንቀጽ ሌሎች ሦስት ቦዝ አንቀጾችን አውጥታችሁ ከየማሰሪያ አንቀጻቸው ጋር ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ሰዎች በኅብረት ከሚሠሯቸው ሥራዎች አንዱን መርጣችሁ፣ አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚገልጽ አጭር ድርሰት ጻፉ። ቢያንስ አምስት ቦዝ አንቀጾችን ተጠቀሙ።